ከሽፍትነት ወደ ቅድስና፦ የአባ ሙሴ ጸሊም ታሪክ

  

በዚህ ዕትም የታሪክ ገጻችን የምንተዋወቀው ሰው ከ1600 ዓመታት በፊት በግብፅ በረሃ የኖረ ነው። ስሙ ሙሴ ይባላል። ባሕሩን የከፈለውን ነቢዩ ሙሴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይኼኛው ሌላ ነው። ከነቢዩ ለመለየት ሙሴ ጸሊም ይባላል። ጸሊም የግእዝ ቃል ሲሆን ጥቁር ማለት ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ በራቸውን የሚዘጉበት ሽፍታ ነበር። በኋላ ግን ሰዎች ከሩቅ አገር እየተጓዙ በሩን የሚያንኳኩበት መነኩሴ ሆነ። እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ? አብረን እናያለን።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ የአማርኛ ሥራ ልስጣችሁ። እርሳስ ያዙ። ለልጅና ለእኩያ መጣ፣ ሄደ፣ በላ እንደምንል፣ ለትልቅ ሰውና ለመነኩሴ ደግሞ መጡ፣ ሄዱ፣ በሉ እንደምንል በክፍል ተምረናል። እኔ ይህን ታሪክ የጀመርኩት ሙሴን እሱ እያልኩ ነው። መሐል ላይ ግን እሳቸው ማለት እጀምራለሁ። የምቀይርበትን ቦታ ፈልጋችሁ አክብቡት። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደቀየርኩ መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን።

የሽፍትነቱ ዘመን

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን በአክሱም ንጉሥ ኢዛና ይነግሥ ነበር፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአገራችን ክርስትናን ያስተማሩትም ያን ጊዜ ነው። የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለነበር፣ እሱንም ኢትዮጵያዊው ሙሴ ብለው ጽፈውታል።

ሙሴ በወጣትነቱ በግብፅ የአንድ ባለሥልጣን ባሪያ ነበር። ግዙፍና ጉልበተኛ ነበር። ይሰርቃል፣ ይጣላል፣ ሰው ይደበድባል። በመጨረሻ ጌታው ስላልቻለው አባረረው። ሙሴም ዱር ገብቶ የሽፍቶች አለቃ ሆነ።

አንድ ቀን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሌሊት ሊሰርቅ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው አጋለጡት። ሙሴ በዚህ ቂም ያዘ። እረኛውን ሊገድለው ፈለገ። እረኛው ግን ከዓባይ ወንዝ ማዶ ነበር። ወንዙ ሞልቶ አንድ ማይል ያህል ሰፍቷል። ሙሴ ልብሱን በራሱ ላይ ጠመጠመ፣ ጎራዴውን በጥርሱ ነከሰና እየዋኘ ተሻገረ። እረኛው ከሩቅ ሲያየው አሸዋ ቆፍሮ ተደበቀ። ሙሴ እረኛውን ሲያጣ ምርጥ ምርጦቹን አራት በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ ወንዙን ተመልሶ ዋኘ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠና ጠጣ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ዋናውን አድንቃችሁ ጀግና ነው እንዳትሉኝ። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚንቀጠቀጠውን እረኛ አስቡት። ምንም አላጠፋም። ውሾቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ኃጢአት ማለት በሌላ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ፍርሃትና ጉዳት ማድረስ ነው። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ስንነጋገር ይህን እረኛ መርሳት የለብንም። ምሕረት ማለት ጥፋቱ ትንሽ ነበር ማለት አይደለምና።

የገዳሙ በር ሲንኳኳ

ስንክሳር የተባለው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሙሴ በዚያ ዘመን ፀሐይን ያመልክ ነበር። ሆኖም በልቡ ጥያቄ ነበረው። ፀሐይን ቀና ብሎ እያየ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው ይለምናት ነበር። ፀሐይ ዝም አለችው። በኋላ በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ ሰማ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን የሚባለው ቦታ ነው። ከካይሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዴንቨር እስከ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ እንደማለት ነው።

ሙሴ ጎራዴውን እንደታጠቀ ወደዚያ ሄደ። በሩ ላይ ያገኙት አባ ኤስድሮስ የሚባሉ ቄስ ናቸው። እስቲ ራሳችሁን በአባ ኤስድሮስ ቦታ አድርጉ። ስሙ አገር ያስፈራ ሽፍታ ጎራዴ ታጥቆ በራችሁ ላይ ቆሟል። ምን ታደርጋላችሁ? እሳቸውም ደንግጠዋል። ሙሴ ግን ለዝርፊያ እንዳልመጣ፣ አምላክን ለማወቅ እንደመጣ ነገራቸው። አባ ኤስድሮስ አላባረሩትም። ይዘውት ወደ ታላቁ አባት ወደ አባ መቃርስ ሄዱ። አባ መቃርስም የክርስትናን ሃይማኖት አስተምረው አጠመቁት።

ከዚያች ቀን በኋላ አባ ሙሴ በአስቄጥስ መኖር ጀመሩ። መነኮሱ፤ ትንሽ በዓትም ተሰጣቸው።

አራቱ ሌቦች

አንድ ሌሊት አራት ሌቦች የአንድ ብቸኛ መነኩሴን በዓት ሰብረው ገቡ። የማን በዓት እንደሆነ አላወቁም። የአባ ሙሴ ነበር! አባ ሙሴ አራቱንም ይዘው በገመድ አሰሩና እንደ ጭድ ጆንያ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። ከዚያ መነኮሳቱን ጠየቁ። እሳቸው ማንንም እንዳይጎዱ ቃል ገብተዋል፤ ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን ያድርጓቸው?

እንግዲህ ልብ በሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ውሻ ጩኸት ምክንያት ሰው ለመግደል አንድ ማይል የዋኙ ሰው ናቸው። አሁን ሌባ እጃቸው ላይ ገብቶ ምን ላድርገው ብለው ይጠይቃሉ። ሌቦቹም ያሰራቸው የታወቀው ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ ተገረሙ። እንዲህ ያለው ሰው እግዚአብሔርን ካገለገለ እኛስ ለምን አንችልም አሉ። ጥፋታቸውን ተናዝዘው እነሱም መነኮሱ። ይህን የጻፈው ጳላዲዮስ ነው፤ እሱም በግብፅ መነኮሳት መካከል ዓመታት የኖረ፣ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ የጻፈ ሰው ነው።

የተሰረዘ ዕዳ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አባ ሙሴ ግን ከተጠመቁ በኋላም ብዙ ተቸግረዋል። የድሮው ልማድ፣ የድሮው ሐሳብ፣ የድሮው ቁጣ በሌሊት እየመጣ ይጨቀጭቃቸው ነበር። ተስፋ ሊቆርጡ ደረሱና ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዱ። አባ ኤስድሮስም በምሳሌ አስረዷቸው። ውሻ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ አጥንት ከለመደ ሁልጊዜ ይመላለሳል፤ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ግን እየቆየ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ክፉ ልማድም እንደዚያ ነው፤ ካልመገባችሁት አንድ ቀን ይተዋችኋል።

አባ ሙሴ ግን መጠበቅ አቃታቸው። ስድስት ዓመት ያህል ሌሊቱን ቆመው እየጸለዩ አደሩ። ያም አልበቃቸውም። ሽማግሌ መነኮሳት ውሃ ለመቅዳት አቅም አልነበራቸውም፤ ውሃው ሩቅ ነው። አባ ሙሴ በጨለማ እየዞሩ የእያንዳንዱን ሽማግሌ እንስራ ሳይነግሩት ሞልተው ይመልሱ ጀመር። ለአንዳንዱ ሁለት ማይል፣ ለአንዳንዱ እስከ አምስት ማይል ነበር። በሃቫና መንገድ ከኮልፋክስ እስከ አላሜዳ ሁለት ማይል ያህል ነው፤ እስከ ዬል ከሄዳችሁ ደግሞ አምስት ይሆናል። ያን ሁሉ በሌሊት፣ በእግር፣ ውሃ ተሸክሞ!

አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ ብለው ሲቀዱ ወገባቸውን በዱላ ተመትተው ወደቁ። የመታቸው ጠላት ዲያብሎስ እንደሆነ ታሪኩ ይናገራል። በማግስቱ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ወንድም ወድቀው አገኛቸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ታመሙ። አባ ኤስድሮስ ሊጠይቋቸው መጡና ትግሉን እንዲቀንሱ፣ ለብርታትም ልክ እንዳለው ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ያ የድሮ ሐሳብ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደተወላቸው፣ ያለ ፍርሃት ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበሉ አበሠሯቸው። ይህን ያህል መከራ ያገኛቸውም በገዛ ጉልበቴ አሸነፍኩ ብለው እንዳይመኩ መሆኑን አስረዷቸው።

ልጆች፣ የዚህ ታሪክ ልቡ እዚህ ላይ ነውና ቆም ብላችሁ አንብቡት። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዬ ሂሳብ ነው። በሂሳብ ሥራ አንድ ዕዳ ከተሰረዘ መዝገቡ ይዘጋል። ተበዳሪው በማግስቱ ብር ይዞ ቢመጣ የሚመዘገብበት መስመር የለም። አባ ሙሴ ግን እግዚአብሔር የዘጋውን መዝገብ ሌሊት ሌሊት እየከፈቱ በላባቸው ሊከፍሉ ይሞክሩ ነበር። ጉልበታቸው ብዙ ስለነበረ ሁሉም ነገር በጉልበት የሚሆን መሰላቸው። በመጨረሻ ሰላም ያገኙት ግን ጉልበታቸው አልቆ በተኙበት ጊዜ ነው። የአምላክ ይቅርታ የምንገዛው ሳይሆን የምንቀበለው ነገር ነው።

ታዲያ ጸሎቱና ውሃ መቅዳቱ ከንቱ ነበር ማለት ነው? አይደለም። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ሲነሱ የሚጠጡት አግኝተዋል። ነገር ግን ይቅር የተባለ ሰው ደግ ሥራ የሚሠራው ዕዳ ለመክፈል ሳይሆን ስለተወደደ ነው። እናታችሁን ይቅርታ ጠይቃችሁ፣ እሷም ስማችሁ ከጨረሰች በኋላ ዕቃ ብታጥቡላት ደስ ይላታል። ዕቃ ስላጠባችሁ ነው ይቅር ያለቻችሁ ብትሉ ግን ታዝናለች።

የሚያፈሰው እንስራ

ከዕለታት አንድ ቀን በአስቄጥስ አንድ ወንድም ጥፋት ሠራ። ሽማግሌዎቹ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡና አባ ሙሴን አስጠሩ። አባ ሙሴ አልሄዱም። ሰው ሁሉ እየጠበቃቸው መሆኑን ቄሱ ሲልኩባቸው ተነሡ። የሚያፈስ እንስራ ውሃ ሞልተው ተሸከሙና ሄዱ። ሊቀበሏቸው የወጡት ሰዎች ግራ ገባቸው። ውሃው በስተኋላቸው እየተንጠባጠበ መንገዱን አርሷል። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ የገዛ ኃጢአታቸው ሳያዩት በኋላቸው እየፈሰሰ ሳለ ዛሬ በሌላው ላይ ሊፈርዱ መምጣታቸውን ነገሯቸው። ሽማግሌዎቹም ይህን ሲሰሙ ያን ወንድም ምንም ሳይናገሩት ይቅር አሉት።

ከሁሉም መነኮሳት ይልቅ ይህን ማድረግ የቻሉት አባ ሙሴ ናቸው። ለምን ይመስላችኋል? በር ላይ ጎራዴ ታጥቆ ቆሞ አለመባረር ምን እንደሆነ ያውቁ ነበራ!

ስለ ቆዳ ቀለም

አሁን የምነግራችሁ ትንሽ ከበድ ይላል። ግን ለእናንተ፣ በዚህ አገር ለምታድጉት፣ መነገር አለበት።

አባ ሙሴ ለቅስና ማዕረግ በተሾሙ ጊዜ ጳጳሱ ትሕትናቸውን ሊፈትኑ ፈለጉ። ወደ መቅደስ ሲገቡ በጥቁረታቸው እየሰደቡ እንዲያባርሯቸው ካህናቱን አዘዙ። ካህናቱም እንዲሁ አደረጉ። አባ ሙሴ ምንም ሳይመልሱ ወጡ። ተከትሎ ያዳመጣቸው ሰው ራሳቸውን ሲወቅሱ እንጂ ሌላውን ሲረግሙ አልሰማም።

ይህን ስታነቡ ልባችሁ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ እኔንም ቅር ይለኛል። ስድቡ ስድብ ነው። ከታሪኩ የምንማረው ጥቁር መሆን የሚያሳፍር ነው የሚለውን አይደለም። የሽፍታው ሙሴ በውሻ ጩኸት የሚገድል ሰው ነበር። አባ ሙሴ ግን የሰው ስድብ ወደ ድሮው ቁጣ እንዲመልሳቸው አልፈቀዱለትም። ልዩነቱ ይኼ ነው። ደግሞ ተመልከቱ፤ የሰደቧቸውን ካህናት ስም ማንም አያስታውስም። ጸሊም የሚለው ስም ግን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ከቅዱስ ጋር አብሮ ይነበባል።

እናንተን ግን በትምህርት ቤት ወይም በስኩል ባስ ውስጥ በቆዳችሁ ወይም በምሳ ዕቃችሁ የሚሰድባችሁ ካለ ዝም አትበሉ። ለአስተማሪና ለወላጅ መንገር ትሕትናን አያፈርስም።

የመጨረሻዋ ቀን

አባ ሙሴ 75 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ407 ገደማ የበረሃ ዘላኖች ገዳማቱን ሊወሩ መምጣታቸው ተሰማ። አባ ሙሴ ወሬውን ለወንድሞች ነገሯቸው፤ መሸሽ ለሚፈልግም መንገዱን አልዘጉበትም። እሳቸው ግን አልሸሹም፣ ጎራዴም አላነሡም። በሰይፍ የኖረ በሰይፍ እንደሚሞት ጌታ ማስተማሩን እያስታወሱ፣ ይህችን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቁ እንደኖሩ ተናገሩ። አብረዋቸው ከቀሩት ወንድሞች ጋር ተገደሉ። ተደብቆ የነበረ አንድ ወንድም አክሊላት ከሰማይ ሲወርዱ ማየቱን ታሪካቸው ይነግረናል።

ሲሞቱ 70 ደቀ መዛሙርት ትተው ነበር። ዛሬም በዋዲ ኤል ናትሩን በባራሞስ ገዳም የአባ ሙሴና የአባ ኤስድሮስ አጽም አብሮ ተቀምጧል፤ የሸሸው ሽፍታና በሩን የከፈቱለት ቄስ አልተለያዩም። ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ታስባቸዋለች፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ 1 ነው።

እርሳሳችሁ የት አለ?

አሁን ያከበባችሁትን ቦታ ተመልከቱ። ሙሴ አባ ሙሴ የሆኑት፣ መጣ ማለት ትተን መጡ ማለት የጀመርነው፣ ከተጠመቁበት ቀን ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ምን ደግ ሥራ ሠርተው ነበር? ምንም። አራቱን ሌቦች ገና አልማሩም፣ ውሃ ገና አልቀዱም፣ እንስራውን ገና አልተሸከሙም። እንዲያውም ጎራዴው ገና ከወገባቸው የወረደ ዕለት ነው። አክብሮቱ የመጣው ከሥራው በፊት ነው። በወንጌል እንደምናነበው፣ የጠፋው ልጅ ገና ሩቅ ሳለ አባቱ ሮጦ አቀፈው፤ በክርስቶስ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ለደግ ሥራ የሚሆን ጊዜ ሳያገኝ ገነት ተሰጠው። የእግዚአብሔር ፍቅር እንዲህ ነው። ደግ ሥራው ከኋላ ይመጣል፤ ለአባ ሙሴም መጣ።

የቃላት ፍቺ

ሽፍታ፦ ዱር ገብቶ ሰው የሚዘርፍ
በዓት፦ አንድ መነኩሴ ብቻውን የሚኖርባት ትንሽ ቤት ወይም ዋሻ
እንስራ፦ ውሃ የሚቀዳበት ትልቅ የሸክላ ዕቃ
ምሕረት፦ ቅጣት የሚገባውን ሰው ይቅር ማለት
ደቀ መዝሙር፦ ተማሪ፤ ሲበዛ ደቀ መዛሙርት
አጽም፦ የሞተ ሰው አጥንት

ጥያቄዎች

1. አባ ኤስድሮስ በሩን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
2. አባ ሙሴ የሚያፈስ እንስራ የተሸከሙት ለምንድን ነው?
3. በአሸዋ ውስጥ የተደበቀው እረኛ በኋላ አባ ሙሴን ቢያገኛቸው ምን የሚባባሉ ይመስላችኋል? ለእረኛው እና ለአባ ሙሴ የሚሆነውን ግሥ (አንተ፣ እርስዎ) እየለያችሁ ጻፉ።

ለወላጆች

ሦስተኛውን ጥያቄ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሠሩት ደስ ይለኛል፤ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ነገር እንሞክር። ልጃችን ጥፋት ሠርቶ ይቅርታ ከጠየቀና ይቅር ካልነው፣ ያንኑ ጥፋት በሚቀጥለው ጊዜ ስንቆጣ አናንሣው። መዝገቡን እንዝጋው። ልጆች ስለ እግዚአብሔር ምሕረት መጀመሪያ የሚያምኑት ቤት ውስጥ ያዩትን ያህል ነውና።

በሉ ልጆች፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ሰላም ሰንብቱ።